ቀድማ የምትገባ ጎል

እታለም ኳስ የምታየው በጆሮዋ ነው። ይህን ስል የቀለድኩ የሚመስለው ሰው ቤቷ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ ከመርፌው ጫፍ፣ እጆቿ ከጨርቁ፣ እግሯ ከመርገጫው አይላቀቁም። ከሰውነቷ ሥራ ፈትቶ የሚቀረው ጆሮዋ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሬዲዮ ሰጥታዋለች።

«ቴሌቪዥን ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው» ትላለች። «አንዲት ጎል ልይ ብዬ ቀና ካልኩ፣ የሰው እጅጌ አንገት ላይ ሰፍቼ ቁጭ!»

ስሟ ሌላ ነው። «እታለም» ማለት የጀመረው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከሱ ሰፈሩ ወረሰው። አሁን በዕድሜ የሚበልጧት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «እታለም፣ ኮቴ ደረሰ?» ይሏታል። እሷም በፈንታዋ ወንድሟን «ማሙሽ» ትለዋለች። ማሙሽ መላጣው ከሩቅ የሚያበራ፣ አስተናጋጆች ቀጥሮ ካፌ የሚያስተዳድር ጎልማሳ ነው። ግን ማሙሽ ነው፤ ምን ይደረግ።

እናታቸው ያረፉት እሱ ገና ፊደል ሲቆጥር ነው። አባታቸው የአውቶቡስ ረዳት ስለነበሩ በጠዋት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ማሙሽን አብልታ፣ አጥባ፣ ደብተሩን አይታ ያሳደገችው እታለም ናት፤ እሷ ራሷ ልጅ ሆና። ስፌቱንም የጀመረችው በሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ሱሪው ጉልበቱ ላይ በተቀደደ ቁጥር እየጣፈች፣ እየጣፈች፣ በኋላ የጎረቤት ልጆችም ጉልበት ወደ እሷ መጣ።

አባትየውን ሰፈሩ «አባባ ረዳት» ይላቸዋል። የድሮ ተሳፋሪዎቻቸው እስከ ዛሬ ድረስ ድምፃቸውን ያነሳሉ። በአውቶቡሱ በር ላይ ግማሽ አካላቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ አንድ እጃቸው ብረቱን እንደያዘ፣ «ወራጅ አለ?» ሲሉ፣ አውቶቡሱ ሳይደርስ ድምፃቸው ፌርማታው ይደርስ ነበር አሉ። ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው መኪናው ሳይታይ ዕቃውን ማንሳት ይጀምራል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደከመ፤ መጀመሪያ የሰው ፊት፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ በመጨረሻም ብርሃኑ ራሱ ጠፋ። ድምፃቸው ግን ያው ነው።

አሁን ቀኑን የሚያሳልፉት በልጃቸው የስፌት መኪና አጠገብ፣ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ፣ ሬዲዮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው። የሬዲዮዋ አንቴና ከወገቡ ስለተሰበረ እታለም የልብስ መስቀያ ሽቦ ቀጥላበታለች፤ የሽቦውን ጫፍ ደግሞ በግድግዳው ምስማር ላይ በተንጠለጠለው በትልቁ መቀስ ቀለበት ውስጥ ታስገባዋለች። መቀሱ ከተነሳ ጣቢያው መንሾካሾክ ይጀምራል። በጨዋታ ሰዓት በትልቁ መቀስ ጨርቅ አይቆረጥም፤ «አስቸኳይ ነው» የሚል ደንበኛ እስከ ዕረፍት ይጠብቃል።

የዓለም ዋንጫ ሲደርስ፣ ከባሕር ማዶ በብዙ ቋንቋ የሚያሰራጨው ጣቢያ ስታዲየሙ ድረስ ሰው ልኮ ጨዋታውን በእኛም ቋንቋ ያስተላልፋል። ያ ዘጋቢ ኳሷን ለደቂቃ አይለቃትም። «በቀኝ መስመር፣ ከመሐል ሜዳ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ተቀበላት...» ሲል የአባባ ረዳት ጣት ቀኝ ጭናቸው ላይ ትሄዳለች። ግራ ጭናቸው የአንዱ ቡድን፣ ቀኝ ጭናቸው የሌላው ሜዳ ነው፤ ጉልበታቸው ጋ ስትደርስ ማዕዘን ምት ነው።

«የማን ደጋፊ ነዎት አባባ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«የተመራው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። የሚመራውን ማንም ይደግፈዋል፤ እኔ ምን ልጨምርለት!»

ግድግዳ ያልኩት ተራ ግድግዳ አይደለም። ማሙሽ ካፌ ልክፈት ባለ ጊዜ ቤት አጣ። እታለም ያኔ ሰፊ የሥራ ቤት ነበራት፤ መሐሉን በስስ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ከፍላ፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚያየውን ሰፊውን ለሱ ሰጠችው፤ ጠባቡን፣ በሩ ወደ ጓሮ መንገድ የሆነውን ለራሷ አስቀረች። ኮምፔንሳቶ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። «እሱ እዚያ ሲያስነጥሰው “ይማርህ” የምለው ከዚህ ሆኜ ነው» ትላለች።

ዘንድሮ ታዲያ ካፌው ቀዝቅዞ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ካፌ ተከፍቶ፣ ሰዉ ወደ አዲሱ ወንበር ፈለሰ። ማሙሽ ያለ የሌለ አቅሙን አሟጦ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አስገባ። «ይህ ዋንጫ ካላነሳኝ እዘጋዋለሁ» ብሎ ለእህቱ ነገራት። ዝም ብሎ የሚናገር ሰው አይደለም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት እኔ ሱሪ ላስጠብብ እታለም ቤት ነበርኩ። ማሙሽ ጋ ሰዉ ጢም ብሏል፤ ወንበር ሲጎተት፣ ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማናል። መኪናዋ ትረገጣለች፣ ሬዲዮዋ ታወራለች፣ የአባባ ረዳት ጣት ትሄዳለች። ድንገት ዘጋቢው ድምፁን ሳበ፤ አባባ ረዳት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ገባች! ገባች! ጎል!»

ከግድግዳው ማዶ የሰፈሩ ጎሚስታ ድምፅ ተሰማ። ጎማ ሲጠግን ስለሚውል ነው መሰል በሹክሹክታ መናገር አያውቅበትም።

«ምኗ ነው የገባችው? ኳሷ መሐል ሜዳ ናት እኮ!»

«ቆይ ቆይ... ወደ ቀኝ ሰጠው...»

«ሊያሻማ ነው...»

ከዚያ ጎሏ እነሱም ዘንድ ገባች። ጩኸቱ ግን ሁለት ጊዜ እንደተሞቀ ሻይ ነበር።

ዲሹን ያሰረው ባለሙያ በኋላ ለማሙሽ እንዳስረዳው፣ ሥዕሉ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ብዙ ቤት ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ የሬዲዮዋ ወሬ አቋርጣ ትመጣለች። ምንም መድኃኒት የለውም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጨዋታ ጎሚስታው ተነሳና «እዚህ ቤት ኳስ አይታይም፣ ትንቢት ነው የሚሰማው!» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ማዶው ካፌ ተሻገረ። ከሱ ጋር የተቀመጡትም ተከተሉት።

ማሙሽ የጠረጴዛ መጥረጊያውን ትከሻው ላይ እንደጣለ መጣ።

«እታለም፣ በሞትኩት፣ ሬዲዮዋን ዝቅ አድርጊልኝ።»

«ሬዲዮዋማ ዝቅ ያለች ናት። ከፍ ያለው አባትህ ነው።»

«አባዬ፣ ጎል ሲገባ ዝም ማለት አትችልም?»

«ጎል ገብቶ ዝም ካልኩ ሞቻለሁ ማለት ነው» አሉ አባባ ረዳት። «ያኔ ጎረቤት ጥራ።»

እኔና እታለም ሳቅን። ማሙሽ አልሳቀም። «ሰዉ ተነስቶ ማዶ ሄደ፣ አባዬ» አለ፣ ቀስ ብሎ። እታለም እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

ማሙሽ መላ አመጣ። «ለምን እኔ ጋ አትቀመጥም? የፊት ወንበር እሰጥሃለሁ። ድምፁንም ከፍ አደርግልሃለሁ።»

ለሚቀጥለው ጨዋታ አባባ ረዳት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ወደ ካፌው ገቡ። ሰዉ ተነስቶ ተቀበላቸው። እኔም አብሬ ገባሁ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ የተጫዋች ስም ይጠራል፣ ዝም ይላል፣ ሌላ ስም ይጠራል፣ «ኦ!» ይላል፣ ዝም ይላል። ምን ያድርግ፤ ለሚያይ ሰው ነው የሚያወራው።

«አሁን ኳሷ የት ናት?» አሉ አባባ ረዳት።

«ይቺውና አባባ፣ አትታይዎትም—» አለ አንዱ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ደንግጦ ሻዩን ጨለጠ።

«እዚህ በኩል... ወደዚያ ሄደች...» አለ ሌላው ሊያግዝ። «ወይኔ!»

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?»

«ሳታት!»

«ማን?»

የሚመልስላቸው ሲያጡ ጣታቸው ጭናቸው ላይ ለመሄድ ሞከረች፤ የምትሄድበት ጠፍቷት ቆመች። በዕረፍት ሰዓት ማንንም ሳይጠሩ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወጡ፤ በጓሮው ዞረው እታለም ቤት ገቡና ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ።

«እዚያ ቤት ሁሉም ያያል» አሏት። «የሚናገር ግን የለም።»

እታለም የገበር ቁራጭ አነሳች፤ አጥፋ አጥፋ ወፈር ስትል እጃቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጎል ሲገባ ንከሰው።»

«ፈረስ አደረግሽኝ?»

«ፈረስማ ጭምት ነው።»

ደግሞም ሠራ! ሩብ ፍጻሜው ላይ ጎል ሲገባ አባባ ረዳት ጨርቁን ነከሱት፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፣ እግራቸው እታለም ከሥሩ ያነጠፈችውን ብርድ ልብስ ደበደበ፣ ድምፅ ግን ጠብ አላለም። እኔ አፌን ያዝኩ። እታለም መኪናዋን አቁማ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በዝምታ ትስቃለች። ይህን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም፤ አምልጠው እንደተደበቁ ልጆች ሆንን።

ከዚያ የጎሚስታው ድምፅ በግድግዳው መጣ። ማዶ ያለው ካፌ ሞልቶበት ወደ ማሙሽ ተመልሶ ነበር።

«ዝም በሉ! የእታለም መኪና ቆመች!»

«ታዲያ ቢቆምስ?»

«ስትንደቀደቅ የዋለች መኪና እንዲህ ቀጥ የምትለው ለምን ይመስልሃል? ጎል አለ ማለት ነው!»

ወዲያው ጎሏ ደረሰች። ካፌው በሳቅም በጉርምርምታም ተሞላ። ማሙሽ በራችን ላይ ብቅ ብሎ አየን።

«እታለም» አለ። «መኪናሽም አፍ አላት።»

«በቃ፣ ጎል ቢገባም አላቆማትም» አለችው። ቃሏን ሰጠች።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ጠበቀችው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ አባባ ረዳት የሚደግፉት የተመራው ቡድን አቻ ሆነ። ጨርቁ ተነከሰ፣ ብርድ ልብሱ ተደበደበ። እታለም እግሯን አላነሳችም። ዓይኗን በደስታ ጨፍና፣ ጥርሷን ገልጣ፣ ትረግጣለች፣ ትረግጣለች። ከግድግዳው ማዶ ማንም ምንም አልጠረጠረም፤ ጎሏ በሰዓቷ ደረሰች፣ ካፌው ባንዴ ጮኸ። ከዚያ የመርፌ መሰበር ድምፅ ሰማን።

እታለም ዓይኗን ገለጠች። ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣችና አንጠለጠለችው። ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ የኖረው የኔ ሱሪ ነበር። አንደኛው እግሩ ከጉልበት እስከ ታች፣ ፊትና ኋላው በአንድ ላይ ተሰፍቶ፣ እግር የሚገባበት ጠፍቷል።

«ከረጢት ነው የሰፋሽልኝ?» አልኳት። ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። ስትሰፋ በኖረችበት ዘመን ሁሉ የሰው ልብስ አበላሽታ አታውቅም። ሱሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ደጋግማ ታስተካክለዋለች፣ እንደዚያ የሚቃና ይመስል።

አባባ ረዳት እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው።» በጣታቸው ስፌቱን ተከተሉት፣ ከጉልበቱ እስከ ታች። ኳሷን እንደሚከተሉት። ታች ሲደርሱ ሬዲዮዋን ዘጉ። ተነስተው ግድግዳውን ዳሰሱ፣ ሽቦውን ከመቀሱ ቀለበት አወጡት።

«መቀስሽን ውሰጂ። የፍጻሜውን ውጤት ማሙሽ ይነግረኛል።»

«አባዬ፣ አንድ ሱሪ ነው እኮ—»

«የወንድምሽ ቤት ሊዘጋ፣ አንቺ የሰው ልብስ ልታበላሺ፣ ለኳስ? ተይኝ እባክሽ።» ቁጣ የለበትም። ፌርማታ ደርሶ እንደሚወርድ ሰው ነበር ያሉት፤ ለዚህ ነው መከራከር ያቃተን።

የፍጻሜው ቀን እሑድ ከሰዓት ነበር። የእታለም በር ገርበብ ብሏል። እሷ በምላጭ ጫፍ የሱሪዬን ስፌት ትፈታለች፤ ያ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሥራ ነው። አባባ ረዳት ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮዋ መደርደሪያ ላይ ናት። የምቀመጥበት ሲጠፋኝ ወደ ካፌው ሄድኩ።

ካፌው ሞልቶ ሰዉ እስከ በሩ ቆሟል። ማሙሽ ሊደሰት ይገባው ነበር። ጨዋታው ተጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ጎሚስታው ግድግዳውን ያይ ጀመር።

«ዛሬ እታለም የለችም?»

«አለች» አለ ማሙሽ።

«መኪናዋስ?»

«አትሰፋም ዛሬ።»

«ተመስገን በል!» አለው አጠገቡ ያለው። «ዛሬ እንኳ በሰላም እንይ።»

«እኔ እንጃ» አለ ጎሚስታው ጢሙን እያሻሸ። «ያቺ መኪና ቀጥ ስትል የምሆነውን አታውቀውም። ጎል እየመጣች ነው፤ ግን የማን ናት? እንዴት ነው የምትገባው? ትንፋሽ ታጣለህ! ማዶ ካፌ ይህ የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ የቀረሁት ለሱ ነው።»

«እኔም ብዬ ነበር» አለ አንድ ሌላ ድምፅ ከኋላ። «ጩኸቱ ነበር እንጂ የሚያበሽቀው፣ መኪናዋማ...»

የመጀመሪያዋ ጎል ገባች። ሰዉ ጮኸ። ማሙሽ ትሪውን እንደያዘ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ዕረፍት ሲሆን ትሪውን ለአስተናጋጇ ሰጥቶ በጓሮ ወጣ፤ እኔም ከኋላው።

ገብቶ ሬዲዮዋን ከመደርደሪያው አወረደ፤ ሽቦውን ያለ ማንም እርዳታ መቀሱ ውስጥ አስገባ፤ ከፈታት። አባባ ረዳት ዞሩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። አባዬ፣ ደንበኞቼ ይፈልጉሃል።»

«ለምን? ልጮህባቸው?»

«አይ። ስማኝ። እታለም ትስፋ። ጎል ሲገባ መኪናዋን ታቁማት። ያኔ እኔ ግድግዳውን መትቼ እጠይቅሃለሁ፣ አንተ ትመልስልኛለህ። ጎል አትበል። ማን እንዳገባም አትንገረን።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ማሙሽ መላጣውን አሻሸ። «ስጠይቅህ ታውቀዋለህ» አለና ወጣ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ።

አባባ ረዳት ሬዲዮዋን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «ማነው የሚመራው?» አሉ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው እኔ ከሌሎቹ ጋር ነኝ።» እታለም የሱሪዬን ነገር ትታ የመጋረጃ ጠርዝ አወጣች፤ ቀጥ ያለ ስፌት ነው፣ ቢጣመምም መስኮት አያማርርም።

ሁለተኛው አጋማሽ ረጅም ነበር። መኪናዋ ትንደቀደቃለች፤ ዘጋቢው ኳሷን ከእግር ወደ እግር ያቀብለናል፤ ጣትየዋ በቀኝ ጭናቸው ላይ ወደ ጉልበታቸው ትወርዳለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። የተመሩት እያጠቁ ነው። አንድ ጊዜ ቋሚ መለሳት። ሌላ ጊዜ በረኛው በጣቱ ጫፍ አወጣት። ማዕዘን ምት። ዘጋቢው ትንፋሹን ሳበ።

መኪናዋ ቆመች።

አባባ ረዳት ጨርቁን አፋቸው ላይ ይዘው ተንቀጠቀጡ። ከግድግዳው ማዶ ያ ሁሉ ሰው ጭጭ አለ፤ ማንኪያ እንኳ አልጮኸችም። ከዚያ ኮምፔንሳቶው ተመታ፤ የማሙሽ ድምፅ መጣ።

«አባዬ! ወራጅ አለ?»

አባባ ረዳት ጨርቁን ከአፋቸው አወረዱ። ቀስ ብለው ቆሙ። አንድ እጃቸው ወደ ላይ ሄደ፤ የሌለውን ብረት ያዘ።

«አለ!» አሉ፣ በዚያ በድሮው ድምፅ። «ፌርማታው ላይ አለ! ጠጋ በሉ!»

ካፌው ውስጥ አንድ ሰው «ወየው ጉዴ!» ሲል ሰማን፤ ጎሚስታው ይመስለኛል። ቀጥሎ ጎሏ ደረሰች፤ ጩኸቱ ግድግዳውን ከዚያ ወደዚህ ወዘወዘው፤ ትልቁ መቀስ ከምስማሩ ወልቆ ወደቀ፤ ሬዲዮዋም መንሾካሾክ ጀመረች።

«መቀሱ! መቀሱን ያዢው!» አሉ አባባ ረዳት፣ እየሳቁ።

እታለም ተነስታ መቀሱን አነሳች፤ ሽቦውን ቀለበቱ ውስጥ አስገብታ ከግድግዳው ጋር በእጇ ደግፋ ያዘችው። ዘጋቢው ተመለሰ። ምስማሩ ረግቦ ስለነበር እጇን ማንሳት አልቻለችም። የቀረውን ጨዋታ ሁሉ፣ ጭማሪውንም፣ እንደቆመች መቀሱን ይዛ፣ የአባቷን ጣት እያየች ጨረሰችው።

የኔ ሱሪ ስፌቱ ግማሽ እንደተፈታ እዚያው መኪናዋ ጠርዝ ላይ ነበር። ማንም አላስታወሰውም፤ እኔም ዝም አልኩ።